ሁለት በር ያለው መታጠቢያ ቤት

እናቴ ዳሌዋን የተሰበረችው ወደ ሽንት ቤት ስትሄድ ነው። ክረምት ነበር፤ ጥቁሩ አፈር ውሃ ጠጥቶ እንደ ሳሙና ያንሸራትት ነበር። ሽንት ቤታችን ከግቢው ጥግ፣ ከጌሾው ተክል ወዲያ ስለሆነ እስከዚያ በተደረደሩ ድንጋዮች ላይ እየተረገጠ ይኬዳል። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ ጭቃው ላይ እንደወደቀች፣ አጥሩን ተደግፋ ተቀምጣ አገኘኋት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንኳ አልነገረችኝም።

«ለምን አልተጣራሽም?» አልኋት።

«በዚህ ሁኔታዬ ማን ይየኝ ብዬ» አለች።

እናቴ እንዲህ ነበረች። አባቴ ቆላ ድባ የቅኔ መምህር ነበር፤ እሱ በሕይወት ሳለ ተማሪው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እጅ የሚነሳት ሴት ናት። እሱ ሲሞት እኔ ወደ ባሕር ዳር አመጣኋት፤ ከሐይቁ ብዙም በማይርቀው ቤታችን የጠዋት ፀሐይ የሚገባበትን ክፍል ሰጠኋት። በሰው እጅ መታጠብ፣ በሰው እጅ መጎተት ለእሷ ከሞት የሚቆጠር ነገር ነበር።

ወጌሻ አሸቶ አሰራት፤ ቆይታ ተነሣች። እግሯ ግን መታጠፍ እምቢ አለ። በምርኩዝ ትሄዳለች፣ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ቁጢጥ ማለት አልሆነላትም። ስለዚህ ፖፖ ገዛሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት እደፋዋለሁ፤ እሷ ያን ጊዜ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። «ንጽሕና የለኝም» ብላ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ተወች። ቆይቼ ነው የገባኝ፣ ውሃ መጠጣትም ትታ ኖሯል። ምሳዋን ትበላና ብርጭቆውን ሳትነካ ወደ ጎን ገፋ ታደርገዋለች። ከንፈሯ ተሰነጣጠቀ።

«ቤት ውስጥ መታጠቢያ እንሥራላት» አልሁት ባሌን።

ባሌ ፋብሪካ ውስጥ መካኒክ ነበር፤ ዝምተኛ ሰው ነው። «ሲሚንቶ ከየት ይመጣል?» አለኝ። የዚያን የደርግ ዘመን ጥያቄ ሁሉ እንዲህ ነበር። ሲሚንቶ በኮታ ነው፣ ቆርቆሮ በኮታ ነው፣ ቧንቧ ደግሞ ሰው ላለው ሰው ነው።

«ይፈለጋላ» አልሁት።

መምህርት ስለሆንሁ ቁራጭ ጠመኔ ከኪሴ አይጠፋም ነበር። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የሳሎኑን ወንበሮች ገፍቼ፣ ሊሾው ላይ መታጠቢያ ቤቱን በልኩ ሣልሁት። ይኼ ግድግዳ፣ ይኼ በር፣ ይኼ መስኮት። እናቴን ከክፍሏ ጠርቼ «ግቢ እስቲ» አልኋት። ምርኩዟን ይዛ በጠመኔው በር በኩል ልትገባ ስትል ቆመች።

«ጠበበኝ። እኔ ብገባ ምርኩዜ ውጭ ይቀራል።»

አሰፋሁላት። በመጸዳጃው ቦታ ወንበር አኖርሁና ተቀመጠች። ወዲያና ወዲህ አየች።

«ፊቴ ወዴት ነው?»

«ወደ መስኮቱ።»

«መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ተቀምጬ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አላዞርም። አዙሪው።»

አዞርሁት። ስትነሣ የምትይዘው የብረት መደገፊያ የት እንደሚሆን ለማወቅ እጇን አየር ላይ ስትዘረጋ፣ እኔ እጇ የደረሰበትን ግድግዳው ላይ በጠመኔ ምልክት አደረግሁ። ከውሃው ሥር ቁጭ ብላ የምትታጠብበት የሲሚንቶ መደብ ይኑር አልን። «ብርድ አለው» አለች፤ «በላዩ ጣውላ ይደረጋል» አልሁ። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። በሌለ ቤት ውስጥ ተቀምጣ፣ የሌለ ቧንቧ ከፍታ፣ «ኧረ ቀዘቀዘኝ» እያለች ነበር የምትስቀው።

በዚህ መሀል የባሌ የአክስት ልጅ ገባ። ዱርቤቴ አንድ ቤት ውስጥ ነው ያደጉት። የልጁ እናት ስትሞት ያሳደገችው የባሌ እናት ናት፤ ያስተማረው ባሌ ነው። በባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት የሕንፃ ንድፍ አንሺ ሆኖ ሲመደብ፣ በጓሮ በኩል ያለችውን ሰርቪስ ክፍል ሰጠነው። የሚበላው ከኛ ገበታ ነው፤ ልብሱም የሚታጠበው ከልብሳችን ጋር ነው። እኔን «እታለም» ነበር የሚለኝ፤ እኔም ከሥጋ ወንድሞቼ አስበልጬ እወደው ነበር።

መሬት ላይ የሣልሁትን ሲያይ መስመሩን እንዳያጠፋ ጫማውን አወለቀ። ዙሪያውን ሄደና አየው።

«እታለም፣ ይኼ በወረቀት መነሣት ያለበት ነገር ነው። ለእማማ የሚሠራ ቤት እንዲሁ በግምት አይሠራም» አለ።

ከዚያ ወዲህ እራት ከተበላ በኋላ ገበታው ይነሣና የሱ የንድፍ ሰሌዳ ይዘረጋል። ደስ የሚል ጊዜ ነበር፤ አሁን ሳስበው የሚቆጨኝ አንዱ ነገር ደስ ማለቱ ነው። እርሳሱን ይቀርጽና «እስቲ ንገሪኝ» ይለኛል፤ እነግረዋለሁ፤ ያነሣዋል። እኔ መታጠቢያውን ከእናቴ ክፍል ጀርባ ማስጠጋት ነበር የፈለግሁት፤ ከአልጋዋ ወርዳ በቀጥታ እንድትገባ። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ።

«ሐይቁ ቅርብ መሆኑን አትርሺ። በዚህ በኩል ብታስቆፍሪ በወገብ ልክ ውሃ ይፈልቃል። ክረምት ሲመጣ የፍሳሹ ጉድጓድ ሞልቶ ክፍሏ ድረስ ይገባል። በኔ ሰርቪስ በኩል መሬቱ ከፍ ይላል፤ ጉድጓዱም መታጠቢያውም ወደዚያ ይሁን። ከእማማ ክፍል አንስቶ ጣሪያ ያለው መተላለፊያ እንሠራላቸዋለን። ዝናብ አይነካቸውም።»

እሱ ተምሮበታል፣ እኔ አልተማርሁበትም፤ አመንሁት። ቀጥሎ ሁለተኛ በር አመጣ፤ ከመታጠቢያው ወደ ሰርቪሱ የሚከፈት።

«ለምን ይሆናል?» አልሁት።

«እናንተ ሥራ ላይ ስትሆኑ እማማ ውስጥ ወድቀው በሩ ቢዘጋባቸውስ? እኔ ለምሳ ስመጣ በዚህ በኩል እደርስላቸዋለሁ።»

እናቴ ከክፍሏ ሆና ሰምታ ኖሮ «አሳቢ ነው፤ ተዪው ያድርገው» አለች። ሁለተኛው በር እንዲህ ገባ። ከዚያም ለአሸዋና ለድንጋይ ማስገቢያ ከጓሮው አጥር ትንሽ በር ይከፈት አለ፤ ተከፈተ። አሮጌው ሽንት ቤት ለጤና ጥሩ ስላልሆነ ይደፈን አለ፤ አዲሱ ሊያልቅ ሲል ተደፈነ። ሲሚንቶውንም ያስፈቀደልን እሱ ነው። ቀበሌ ውስጥ ሰው ነበረው።

መቀመጫውን ግን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ባሕር ዳር ውስጥ የሚገኘው ሁሉ ቁጢጥ የሚባልበት ነበር። ጎንደር አንድ የቆየ ቤት ሲፈርስ ነጭ የሸክላ መቀመጫ እንደወጣ ሰምቼ ሄድሁ፤ በጭድና በጆንያ ጠቅልዬ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጫንሁት። ሐሙሲት ስንደርስ አውቶቡሱ ለሻይ ቆመ። እኔ ግን እንዳይሰረቅብኝ ከሥሩ ቆሜ ቀረሁ። አንድ ተሳፋሪ ሽማግሌ ቀና ብለው አዩትና «ልጄ፣ ዙፋን ነው እንዴ የምትጭኚው?» አሉኝ። «አዎን አባቴ፣ የእናቴ ዙፋን ነው» አልኋቸው።

ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ማዮሊካ ከአንድ ዓይነት አልተገኘም፤ አብዛኛው ነጭ፣ ጥቂቱ ሰማያዊ ነበር። የእናቴ ዓይን ደክሞ ስለነበር ሰማያዊዎቹን በእጇ ከፍታ ልክ በአንድ መስመር አስደረግኋቸው፤ ከበሩ እስከ መቀመጫው፣ ከመቀመጫው እስከ መደቡ። በዚያ መስመር ላይ መዳፏን እያስኬደች እንድትሄድ። ግንበኛው ሲለጥፍ አጠገቡ ቆሜ ነበር የምመርጥለት። ባሌ አንዳንድ ቀን ከፈረቃ ሲመለስ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ያየናል፤ ከዚያ ምንም ሳይናገር ይገባል። ደክሞት ነው እል ነበር።

እናቴ መጀመሪያ የታጠበች ቀን ብቻዋን ገባች። «አትግቢብኝ» አለችኝ። እኔ ከመተላለፊያው ሆኜ የውሃውን ድምፅ እሰማ ነበር። ስትወጣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ፊቷ በርቶ፣ የባሌን የአክስት ልጅ አስጠራችው። እግሯ ሥር ተንበረከከ።

«እኔን ከጭቃ እንዳነሣኸኝ እግዚአብሔር ካሰብህበት ያድርስህ። ቤትህን ይሥራልህ» አለችው።

ጉልበቷን ስሞ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ውሃ መጠጣት ጀመረች። በማርያም ቀን ነጭ ለብሳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች።

በዓመቱ መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲያባራ፣ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ሁለት ጠመንጃ የያዙ የአብዮት ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ። ሜትር ይዘዋል። በፊት ለፊት በር አልገቡም፤ በጓሮው በር፣ ለአሸዋ በተከፈተው ነው የገቡት። ለክተው ሲጨርሱ ሊቀመንበሩ ወደኔ መጣ።

«እትዬ፣ ይኼ ትርፍ ቤት ነው» አለኝ፣ ሰርቪሱን እያሳየ።

«ሰርቪስ ነው እንጂ። የባለቤቴ የአክስት ልጅ ነው ያለበት።»

«ተከራይ ነኝ ብሎ አመልክቷል።»

«ማን?»

«ያለበት ሰው። በድብቅ ታከራዩት እንደነበረ ተናግሯል። የራሱ የውጭ በር አለው፣ የራሱ ሽንት ቤትና መታጠቢያ አለው፣ የራሱ ቧንቧ አለው። ራሱን የቻለ ቤት ነው። አዋጁን ታውቂዋለሽ።»

«መታጠቢያው የናቴ ነው» አልሁት። «ቅድም ነው ከዚያ የወጣችው። ፎጣዋ እርጥብ ነው፤ ግባና እይ።»

ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም መሰለኝ፤ ዓይኑን ሰበረ። «በማመልከቻው ላይ የሰፈረው ሌላ ነው። እናንተን በማከራየት ባለመክሰሳችን ደስ ይበላችሁ» አለና ሄደ።

በሳምንቱ ግንበኛ መጣ፤ ሰማያዊውን መስመር የለጠፈው ያው ግንበኛ። ፊቴን ማየት ፈርቶ አቀርቅሮ፣ ከመተላለፊያው በኩል ያለውን በር በብሎኬት ደፈነው። እናቴ ከክፍሏ ደፍ ላይ ወንበሯን አስጠግታ፣ ብሎኬቱ አንድ በአንድ ሲከመር እስከ መጨረሻው ተመለከተች። ግቢያችን በቆርቆሮ አጥር ተከፈለ። አሮጌው ሽንት ቤት ተደፍኗል፤ አዲሱ ከአጥሩ ወዲያ ነው። እኛ ወደ ጎረቤት መሄድ ጀመርን፤ እናቴ ወደ ፖፖዋ ተመለሰች።

እሱን በጓሮ በሩ በኩል ጠብቄ አገኘሁት። ከሥራ ሲመለስ ነው፤ ጥቅል የንድፍ ወረቀት በብብቱ ይዟል። ይሸሸኛል ብዬ ነበር፤ አልሸሸም።

«ለምን?» ነበር ያልሁት።

«እታለም፣ ማግባት እፈልጋለሁ። ቤት የለም። እኔ ባልጠይቀው ነገ ሌላ ሰው ይጠይቀዋል፤ ከባዳ እኔ አልሻልም?»

«ያን ሁሉ ምሽት ወረቀቱን ዘርግተህ፣ እርሳስ ይዘህ… ያን ጊዜም ታስበው ነበር?»

ጥቅሉን ወደ ሌላው ብብቱ አዛውሮ የጓሮ በሩን ከፈተ። «እታለም» ማለቱን ከሁሉ በላይ ጠላሁት።

አዲስ ሽንት ቤት መቆፈር ነበረብን፤ የቀረን ቦታ ደግሞ ከእናቴ ክፍል ጀርባ ያለው ብቻ ነው፣ ውሃ ይፈልቃል የተባለው። ቆፋሪዎቹን ሳስገባ «ውሃ እስክታገኙ ድረስ ቆፍሩ፤ ከዚያ እንመክራለን» አልኋቸው። በወገብ ልክ ደረሱ፤ ደረቅ ነው። ራሳቸው ከመሬት በታች ሆነ፤ ደረቅ ነው። አካፋው ቀይ አለት ነካ፤ ከላይ ቁጭ ብዬ አፈሩን በእጄ ዘገንሁት፣ እርጥበት እንኳ የለውም። መታጠቢያው መጀመሪያ እኔ ካሰብሁት ቦታ ቢሠራ ኖሮ ማንም ከቤታችን ሊለየው አይችልም ነበር። ይኼን አውቆ ነው ያራቀው።

ባሌ ከፈረቃ ሲመለስ እጁን ይዤ ወደ ጉድጓዱ ወሰድሁት።

«እይ። እስቲ እይ፣ ምን ውሃ አለ?»

አላየም። ጉድጓዱን ሳይሆን ጫማውን ነበር የሚያየው። ሲዋሽ የተያዘ ሰው እንኳ መጀመሪያ ይደነግጣል፤ ባሌ አልደነገጠም።

«አንተ ታውቅ ነበር» አልሁት።

ቆፋሪዎቹን አሰናበታቸው። ከተቆፈረው አፈር ክምር ላይ ተቀመጠ።

«መሠረቱ ሲወጣ ነው የነገረኝ» አለ። «ቤቱን ሊጠይቅ እንዳሰበ ነገረኝ። ተቆጣሁ፣ ከግቢዬ ውጣ አልሁት። ያኔ የልጁን ነገር አነሣብኝ።»

«የምን ልጅ?»

ባሌ በቀይ ሽብሩ ጊዜ የሚፈለግ አንድ ተማሪ ሰርቪሱ ውስጥ አሳድሮ፣ ሲነጋጋ በታንኳ ሐይቁን አሻግሮት ኖሯል። እኔ ያን ጊዜ ቆላ ድባ፣ አባቴን ላስታምም ሄጄ ነበር። የአክስቱ ልጅ ነው ታንኳውን የፈለገለት። ይኼን ሁሉ ጊዜ አብሬው ስኖር አንድ ቃል አልነገረኝም።

«አልዛተብኝም» አለ ባሌ። «‹ያን ነገር እኮ ለማንም አንስቼው አላውቅም› ብቻ ነው ያለኝ። እንደ ውለታ። በቃ፣ ገባኝ።»

«ለኔስ ለምን አልነገርኸኝም?»

«ብነግርሽ ዝም ትያለሽ?»

«አልልም።»

«እንግዲያ።»

ፍርሃቱን ይቅር ማለት አልከበደኝም። ያን ዘመን ያልፈራ ማን ነበር? በየመንገዱ ዳር የተጣለ ልጅ አይተናል፤ የጎረቤት በር በጠመንጃ ሲመታ ሰምተናል። በዝምታው ራሱን ከነነፍሱ ስላቆየልኝ ላመሰግነውም እችል ነበር። ያልቻልሁት ሌላ ነገር ነው። እኔ ጎንደር ሄጄ ያን መቀመጫ እንደ ታቦት ተጠንቅቄ ሳመጣ ያውቅ ነበር። ማዮሊካ ስመርጥ መተላለፊያው ላይ ቆሞ ሲያየኝ ያውቅ ነበር። እናቴ ሰውየውን ስትመርቅ እሱም «አሜን» ብሏል።

«በሩን አንድ ብቻ እናድርገው ብትል ምን ነበረበት?» አልሁት። «ደክሞኛል፣ ሥራው ይቁም ብትልስ? ውሸት ቢሆንም እንኳ።»

«አንቺ ደስ ብሎሽ ነበር» አለኝ።

ለእናቴ የሆነውን ሁሉ አልነገርኋትም፤ ግማሹን ግን ራሷ ደርሳበታለች። ስለ ሰውየው ክፉ ቃል አልወጣትም። እኔ ደግሞ ለእሷ ስል ስሙ ቤታችን ውስጥ እንዳይጠራ አደረግሁ። ከቤቱ ሰው ሁሉ እሷ እንኳ ከኔ ጋር ናት እል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ደጅ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ አገኘኋት። ፀጉሯ እርጥብ ነው። ሳሙና ሳሙና ትሸታለች።

«እማዬ፣ ማን አጠበሽ?»

«ራሴ።»

«የት?»

«በሠራሽልኝ ቤት» አለች።

ሰውየው መጥቶ «እማማ፣ ውሃ አሙቄያለሁ፤ መጥተው ይታጠቡ» ብሏት ኖሯል። በምርኩዟ ከፊት በር ወጥታ፣ አጥሩን ዙሪያውን ዞራ፣ በጓሮው በር ገባች። እሱ በሩን ከፍቶላት ወደ ውጭ ወጥቶ ቆሟል።

እንባዬ መጣ። «እንዴት ደጁን ትረግጫለሽ? እኔን እንዲህ አድርጎኝ?»

እናቴ ፀጉሯን ወደ ፀሐይ አዞረች። «ቤቱን ለማን ነው የሠራሽው?»

«ላንቺ።»

«እንግዲያ ታጠብሁበት። እሱ ለሠራው እሱ ይጠየቅ፤ እኔ በሱ ኃጢአት ምክንያት ገላዬ እየሸተተኝ ልሙት እንዴ? ኩራት ለናንተ እግር ላላችሁ ነው።»

ዕቃዬን ይዤ ገባሁ። እውነቷን መሆኑን አውቅ ነበር፤ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ትሄድ ነበር፤ እኔ ያን ሰዓት ገበያ እሄዳለሁ፣ የሚገዛ ነገር ባይኖርም። ስመለስ ፀጉሯን አበጥርላታለሁ፤ የት እንደነበረች አልጠይቃትም። እስክትሞት ድረስ እንዲህ ኖርን።

ሰውየው አላገባም። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ደስ እንዳለኝ ግን አልደብቅም። እናቴ ከሞተች በኋላ መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር አዛወረውና ቁልፉን ለቀበሌው አስረክቦ ሄደ። ቀበሌው ለማናውቃቸው ሰዎች ሰጠው። ደርግ ከወደቀ በኋላ ይመለስልን ብለን ጠየቅን፤ ለብቻው የቤት ቁጥር የወጣለት ስለሆነ አይመለስም ተባልን። ዛሬም ሰው አለበት።

የሄደ ዕለት ባሌ ነው ሻንጣውን ተሸክሞ እስከ አውቶቡስ ተራ የሸኘው። እኔ በመስኮት አየኋቸው። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ሆነው፣ ሳይነጋገሩ በሾላው ሥር አለፉ። ባሌ ሲመለስ ምሳ አቀረብሁለት።

«ሄደ?» አልሁት።

«ሄደ።»

«ምን አለህ?»

«ምንም። እጄን ሳመ።»

እንጀራውን ቆርሶ መብላት ጀመረ። አልተጣላንም፤ ልጆች አሳደግን፣ ዳርን፣ አብረን አረጀን። ግን ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ አንድ ነገር ሲታሰብ፣ አጥር ለማደስም ይሁን ልጅ ለመዳር፣ እኔ ተናግሬ ሳልጨርስ ዓይኔ ወደ እሱ ፊት ይሄዳል። የማላውቀውን ያውቅ እንደሆነ ለማየት ነው። እሱም እንደማየው ያውቃል፤ ፊቱን አያዞርም፣ እስክጨርስ ድረስ ዝም ብሎ ይጠብቀኛል።